«ልብ አውልቅ» ለመጽሐፍ ምስጋና ነው ስድብ?

ንባብ_በሻይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የኤች ጂ ዌልስን «ዘ ታይም ማሽን» ለጓደኛዬ አውሼው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1895 የወጣው፣ ሰውዬው በሠራው መሣሪያ ላይ ተቀምጦ እስከ 802,701 ዓ.ም. የሚጓዝበት (ያውም በእነሱ አቆጣጠር)። ሲመልስልኝ ፈገግ ብሎ «ልብ አውልቅ መጽሐፍ ነው፤ ሌላ ካለሽ አምጪ» አለኝ። እኔ የማውቀው ልብ አውልቅ ነዝናዛ ሰው ነው። ካልወደደው ሌላ ለምን ይጠይቃል? ከወደደውስ እንዲህ ብሎ ማመስገን አለ እንዴ?

ፒያሳ_ልጅ፦ አለ እንጂ። «ፊልሙ አሳበደኝ» ያለ ሰው ጠበል ገባ ማለት ነው?

ፊደል_ቆጣሪ፦ አይመስለኝም። «አሳበደኝ» ለክፉም ለደግም ይሆናል። ልብ አውልቅን ግን ለደግ ሲሉት ሰምቼ አላውቅም። «ልቤ ውልቅ አለ» ያለ ሰው ተሰላችቷል፣ በቃ። ጓደኛሽ «ልብ አንጠልጣይ» ሊል ፈልጎ አፉ ስቶት ይሆናል።

ንባብ_በሻይ፦ ልብ አንጠልጣይማ «ቀጥሎ ምን ይመጣል» የሚያስብል ነው። ይሄ ሌላ ነው። ተጓዡ ስለሚያየው ዓለም መላ ምት ያወጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ያፈርሰዋል። መጀመሪያ ኢሎይ የሚባሉትን ሲያይ፣ ሰው ችግሩን ሁሉ ጨርሶ አርፎ የተቀመጠ ይመስለዋል። ከዚያ ከመሬት በታች ሞርሎኮችን ያገኛል። የባለጸጋና የላብ አደር ዘሮች ተለያይተው ሁለት ፍጥረት ሆነዋል ይላል። በኋላ ደግሞ የታችኞቹ የላይኞቹን እንደ ከብት ቀልበው እንደሚበሏቸው ይገባዋል። ጓደኛዬን እንቅልፍ የነሳው «ታዲያ ጌታው ማን ነው?» የሚለው ነው። እኔንም እንደዚያው አድርጎኝ ነበር። ደስ እያለኝ፣ እሱ ነው የሚገርመው።

የኔታ_ሳይጠሩኝ፦ ልጄ፣ ነገሩ ከሥሩ ይታይ። «ልብ» በግዕዝ ደም የሚረጨው ሥጋ ብቻ አይደለም፤ አእምሮም ነው። ለበወ ማለት አስተዋለ ነው፤ ልቡና የሚለውም ከዚያው ቤት ነው። «ልጁ ልብ ገዛ» ስንል ሥጋ ቤት ሄደ ማለታችን አይደለም። እንግዲህ ልብ የሚያወልቅ መጽሐፍ አእምሮን ከለመደበት የሚነቅል ነው። ምስጋና ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦ የኔታ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ወለደ እና ወለቀ ወንድማማች ናቸው ብዬ አምናለሁ። ልጅ ይወጣል፣ ጥርስም ይወጣል። ልብ ወለድ ከልብ የወጣ፣ ልብ አውልቅ ልብን የሚያወጣ። ያው ነው።

ፊደል_ቆጣሪ፦ እንዲያ ከሆነ ወለወለም ዘመዳቸው ነው። ሲወለወል ቆሻሻ ይወጣላ።

የኔታ_ሳይጠሩኝ፦ ይህን በቅኔ ቤት ብትናገረው አርጩሜ ነበር። ሦስተኛዋ ፊደል ለጌጥ አልተቀመጠችም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦ አርጩሜው አትላንቲክን አይሻገርም፣ የኔታ። እሺ፣ ራሱ «ወለድ» ወላጅ ነው ተወላጅ? ወይስ የባንኩ ወለድ ነው?

ፊደል_ቆጣሪ፦ ተወላጅ ነው። ውሃ ወለድ በሽታ ከውሃ የመጣ ነው እንጂ ውሃን የወለደ አይደለም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ያሳተሙትን፣ ዛሬ «ጦቢያ» የምንለውን፣ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው ያሉት። ልብ የወለደው ታሪክ ማለት ነው። ዛሬ «ታሪክ»ን ጥለን ቅጽሉን ብቻ ይዘናል።

የኔታ_ሳይጠሩኝ፦ ይህን እቀበላለሁ። ግዕዝ ቢሆን ወልደ ልብ ይባል ነበር፣ እንደ ወልደ ማርያም። አማርኛ ገልብጦታል።

ፒያሳ_ልጅ፦ ወልደ ልብ! ለሚወለደው ልጄ ስም ተገኘ።

ዲያቆን_በዕረፍት፦ ግን ከልብ መውለድ መልካም ስም የለውም። ሕዝቅኤል 13 ላይ ከገዛ ልባቸው ትንቢት የሚናገሩት ምን እንደተባሉ እዩ። ዛሬም «ልብ ወለድህን ተወው» ስንል ውሸትህን ማለታችን ነው።

የኔታ_ሳይጠሩኝ፦ ዲያቆን፣ ዳዊቱን ረሳኸው? መዝሙር 44፤ «ጐሥዐ ልብየ ቃለ ሠናየ»። ከልብ መልካምም ይወጣል።

ዲያቆን_በዕረፍት፦ አልረሳሁም፣ የኔታ። ጐሥዐ ግን አፈለቀ ነው። ምንጭ አለ፣ ምጥ የለም። ስለ መውለድ አይናገርም።

የኔታ_ሳይጠሩኝ፦ «አፈለቀ» የተርጓሚው ጨዋነት ነው። ጐሥዐ ማለት አገሣ ነው። የጠገበ ሰው እንደሚያገሣው።

ዲያቆን_በዕረፍት፦ በዳዊት መዝሙር ግሳት?

የኔታ_ሳይጠሩኝ፦ ምን ነውር አለው? ልቡ ጠግቦ፣ አላስችል ብሎት ነው የወጣው። የፈለቀ ውሃ እኮ ዝም ብሎ ይፈሳል። የሚያገሣ ሰው ግን አስቀድሞ በልቷል። ልዩነቱ እዚያ ነው።

ዲያቆን_በዕረፍት፦ «ልብየ» ይላል እንጂ ሆዴ አይልም፣ የኔታ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦ በአማርኛ ሆድና ልብ አንድ ሥራ አይደል እንዴ የሚሠሩት? ሆዴ ፈራ፣ ልቤ ፈራ።

ዲያቆን_በዕረፍት፦ እባክህ አንተ ደግሞ አትጨምርበት።

ንባብ_በሻይ፦ የዌልሱ ተጓዥ እንኳ መላ ምቱን ሲያፈርስ ምክንያት ይሰጣል። ምስጋና ነው አይደለም?

ፊደል_ቆጣሪ፦ ሌላ አምጪ ካለ መጽሐፉን ወዶታል። ቃሉን ግን አልወደድኩለትም። «አመራማሪ» የሚል እያለ ልብ ምን አስወለቀው?

ፒያሳ_ልጅ፦ አመራማሪ የፈተና ወረቀት ይመስላል። እኔ ከዛሬ ጀምሮ ልብ አውልቅ እላለሁ።

ዲያቆን_በዕረፍት፦ የኔታ፣ ወደ ዳዊቱ እንመለስ። አንበሳም እኮ ያገሣል። እሱን ትተው ለምን ግሳትን መረጡ?

የኔታ_ሳይጠሩኝ፦ አንተ መጀመሪያ ግሣትን በንጉሡ ሠ ጻፈው። ስለ አንበሳው ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።