የዱር ውሾችን ናጋራሆሌ ጫካ ውስጥ ለመቅረጽ ምን ላድርግ?

ሰብሊ፦ ሰላም ለሁላችሁም። መጋቢት ላይ ደቡብ ህንድ፣ ካርናታካ ግዛት እሄዳለሁ። ናጋራሆሌ የታይገር ጥብቅ ደን ውስጥ ሦስት ቀን አለኝ። ሰው ሁሉ የሚሄደው ለታይገር ነው። እኔ ልቤ ያለው ዶል የሚባሉት የእስያ የዱር ውሾች ላይ ነው። አምና አንዴ አይቻቸዋለሁ። ካሜራዬን እስካነሳ ጥቁር ጭራቸው ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። የቀረችኝ የምትንቀጠቀጥ የሁለት ሰከንድ ቪዲዮ ናት። ሌንሴ ሩቁን የሚያቀርብ 100-400 ሚሊሜትር ነው። የት ልጠብቅ? እንዴት ልቅረጽ?

የማይሶሩ ተማሪ፦ እህቴ፣ ማይሶር ስማር ደጋግሜ ሄጃለሁ። ውሾቹን አትፈልጊ፣ ቺታሎቹን ተመልከቺ። ቺታል ነጠብጣብ ያለው አጋዘን ነው፤ ዶል በብዛት የሚያድነው እሱን ነው። መንጋው አንገቱን አቅንቶ ወደ አንድ አቅጣጫ ካፈጠጠ፣ የፊት እግሩን መሬት ከመታና ስለታም ድምፅ ካሰማ፣ ሹፌሩን ሞተር እንዲያጠፋ ለምኚው። የመጣው ታይገር ወይም ነብርም ሊሆን ይችላል። ፉጨት ከተከተለ ግን ዶል ነው። ጥቅጥቅ ባለ ጫካ የሚጠራሩት በፉጨት ነው።

ሌላው ምልክት ዓይነ ምድራቸው ነው። መንጋው የጋራ ቦታ አለው፤ ብዙ ጊዜ የጫካ መንገዶች መገናኛ ላይ ነው። ውስጡ የአጋዘን ፀጉር ይታያል። እርጥብ ከሆነ ሩቅ አልሄዱም። ጠዋት ጠዋት መንገዱ ላይ ተጋድመውም ይገኛሉ።

ባለ ካሜራው፦ ሌንስሽ በቂ ነው፤ ችግሩ ማስደገፊያ ማጣትሽ ነው። ጂፕ ውስጥ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) መዘርጊያ ቦታ የለም። ባዶ የጨርቅ ከረጢት ያዢ፣ እዚያው ሩዝ ገዝተሽ ሙዪው። የመኪናው ብረት ላይ ጣል አድርጊና ሌንሱን አስተኚበት። በሰከንድ በ25 ፍሬም (ምስል) ከቀረጽሽ ሻተሩ፣ ማለትም እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያገኝበት ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ ይሁን። ጥላው ሲበዛ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ጨምሪ። አውቶፎከስ (ካሜራው ራሱ የሚያጠራው) ከፊት ያለውን ቅጠል ይይዝብሻል፣ ስለዚህ ወደ ማኑዋል ቀይሪና በእጅሽ አጥሪ። ደግሞ ፊታቸውን ብቻ አታቅርቢ። የዶል ውበቱ አብሮነቱ ነው፤ ሲላፉ፣ አንዱ በሌላው ላይ ሲዘል ሰፋ አድርገሽ ያዢ።

ትርሲት፦ እኔ ከመንገዱ ይልቅ ውሃ ዳር እመርጣለሁ። መጋቢት እዚያ ደረቅ ነው፣ እንስሳቱ ወደ ኩሬ ይወርዳሉ። ሲሳደድ ውሃ ውስጥ የሚገባ አጋዘንም አለ። ያኔ መንጋው ዳር ሆኖ ይጠብቃል፣ አንቺም ጊዜ ታገኛለሽ።

አደራ የምልሽ ግን ስለ ጎሬያቸው ነው። ግልገሎች በአብዛኛው የሚወለዱት ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። ጎሬ ላሳይሽ የሚል ቢመጣ እሺ አትበዪ። ከተረበሹ ግልገሎቹን ተሸክመው ይሰደዳሉ። ድሮ በእንግሊዞች ዘመን ለገደላቸው ሽልማት ይከፈል ነበር። ሕግ የጠበቃቸው እ.ኤ.አ. ከ1972 ወዲህ ነው፤ ዛሬም በዓለም የመጥፋት አደጋ ላይ ናቸው። ድሮን ይዘሽ አትሂጂ፣ ከመኪናም አትውረጂ።

ሰብሊ፦ ተመልሻለሁ! ሁለት ቀን ምንም የለም። ሦስተኛው ቀን፣ ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ፣ ቺታሎቹ ጮኹ። ሹፌሩ ሞተር አጠፋ። ሰባት ነበሩ፣ ቀይ ዳማ። አንዷ መንገዱ መሃል ተቀምጣ አፏ ላይ የደረቀ ደም ትልስ ነበር። የሩዙ ከረጢት ላይ አስደግፌ አሥራ አንድ ደቂቃ ቀረጽኩ። ከጫካው ውስጥ ፉጨት ሲመጣ ሁሉም ጆሯቸውን አቆሙ፣ ተነስተው ሄዱ። ፉጨቱ ቪዲዮው ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል።