ነጭ የደም ሴሌ 3,400 ነው፤ ጨረሩ ነው ወይስ ጭንቀቱ?

የሽምብጥ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ የራጅ ባለሙያ ነኝ፤ ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። ባለፈው ሳምንት የላቦራቶሪ ባልደረባዬ አዲስ የገባውን የሲቢሲ (የደም ሴሎችን የሚቆጥር) ማሽን ሊሞክር ፈልጎ «እስቲ ክንድሽን አምጪ» አለኝና ደም ቀዳኝ። እየተሳሳቅን ነበር፤ ወረቀቱ ሲወጣ ግን ሳቁ ጠፋ። ነጭ የደም ሴል 3,400 ይላል፤ ከጎኑ ወደ ታች የምታመለክት ቀስት አለች። ከነጭ ሴሎቹ ዓይነቶች ኒውትሮፊል 1,300፣ ሊምፎሳይት 1,700፤ ሄሞግሎቢን 13.1፣ ደም የሚያረጋው ፕሌትሌት 214,000።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ከዚያ በፊትም ያን ያህል አልነበረኝም። እናቴ ከታመመች ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ ሌሊት እሷን አስታምማለሁ፣ ቀን ክሊኒክ እውላለሁ። ባለፉት ዓመታት በተኩስ ድምፅ የነቃሁባቸውን ሌሊቶች መቁጠር ትቻለሁ። ምሳዬ ብዙውን ጊዜ ቆሜ የምጠጣው ሻይና አንድ ቦምቦሊኖ ነው።

ስለ ሥራውም እውነቱን ልናገር። የጨረር መለኪያ ባጄ ለንባብ ከተላከ ስምንት ወር አልፎታል። የማይላክ ከሆነ ምን ያደርግልኛል ብዬ ማድረጉንም ተውኩት፤ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ፣ ከጋዋኔ ጎን፣ በምስማር ተንጠልጥሏል። ጨረር የሚከላከለው የእርሳስ (ሊድ) ሽርጥ ማንጠልጠያው ስለተሰበረ ታጥፎ ወንበር ላይ ነው የሚያድረው። ሕፃን ሲመጣ እናትየው ትደነግጣለች፤ የምይዘው እኔ ነኝ። ለባለቤቱ ስነግረው «አንቺ ደግሞ ጨረር ስትፈሪ!» ብሎ ያልፈኛል።

ደሜን ያወረደው ጨረሩ ነው ወይስ ጭንቀቱ? መቅኔዬ እየደከመ ይሆን? ዕድሜዬ 33 ነው፤ ገና ልጅ መውለድ እፈልጋለሁ።

ማር በገበታ፦

ጥቁር አዝሙድ በማር፣ ጠዋት በባዶ ሆድ። ቀይ ሥርም ጨምሪበት፣ ደም ይሆንሻል። አጎቴን ያዳነው እሱ ነው።

የማይክሮስኮፕ ወዳጅ፦

ወንድሜ አይቀየሙኝና ቀይ ሥር ከደም ጋር ያለው ዝምድና በቀለም ብቻ ነው። ማሩን ግን ብትበላው አይጎዳትም።

እህቴ፣ እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝና ቀስቷን ተያትና ዝርዝሩን እንየው። ጨረር ደምን ሲመታ መጀመሪያ የሚወድቁት ሊምፎሳይቶች ናቸው። በአንድ ጊዜ ከግማሽ እስከ አንድ ግሬይ (ሰውነት የተቀበለው ጨረር የሚለካበት አሃድ) የደረሰበት ሰው ሊምፎሳይቱ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሲያሽቆለቁል ይታያል። ያ መጠን በደረት ራጅ ይመንዘር ቢባል ብዙ ሺህ ራጅ ነው፤ ያውም መከላከያ መስታወቱ ጀርባ ለቆመ ሳይሆን ማሽኑ ፊት ለቆመ ሰው። ያንቺ ሊምፎሳይት 1,700 ነው። ምንም አልሆነም።

ጭንቀትስ? ሰው ሲጨነቅ ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ይጨምራል። ኮርቲሶል ደግሞ ከደም ሥር ግድግዳ ጋር ተጣብቀው የነበሩትን ኒውትሮፊሎች አላቅቆ ወደ ዝውውሩ ይለቃቸዋል፣ ሊምፎሳይቶችን ከደም ያሸሻቸዋል። ስለዚህ ተጨንቆ የከረመ ሰው ደም ላይ የምጠብቀው ኒውትሮፊሉ ከፍ፣ ሊምፎሳይቱ ዝቅ ብሎ ነው። ያንቺ ወረቀት ተገላቢጦሹን ነው የሚያሳየው። ከሁለቱ ተጠርጣሪዎችሽ የአንዱም ዱካ እዚህ አይታይም።

እኔ የምጠረጥረው ሦስተኛ ነገር ነው። ማሽኑ ቀስት ያወጣው የታችኛው ወሰን 4,000 ተብሎ ስለተሞላለት ነው። ይህ ወሰን በአመዛኙ ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ሰዎች የተወሰደ ነው። በአፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ግን ኒውትሮፊላቸው ከዚያ ዝቅ ብሎ ዕድሜ ልካቸውን በጤና የሚኖሩ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ከእኛም አገር እንደዚሁ። ወደ እስራኤል በሄዱ ቤተ እስራኤላውያንም ላይ ታይቷል። ዋናው ምክንያት በቀይ የደም ሴላቸው ላይ ዳፊ የሚባለው ምልክት አለመኖሩ ነው። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ወደ ሴሉ ለመግባት የሚጠቀምበትም ይኸው ምልክት ነው። የእነዚህ ሰዎች መቅኔ አልደከመም፤ ኢንፌክሽን ሲመጣም ሴሎቹ ይደርሳሉ።

ይህን ስል ከሩቅ ሆኜ መረመርኩሽ ማለቴ አይደለም። ሲቢሲውን ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ድገሚው። ጠብታዋን መስታወት ላይ አሰራጭቶ በማይክሮስኮፕ የሚያይልሽ ሰው ፈልጊ፤ ማሽን የማያየውን ዓይን ያያል። ታይፎይድ፣ ኤችአይቪ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና አንዳንድ መድኃኒቶችም ነጭ ሴልን ስለሚያወርዱ ሐኪም ይጠይቅሽ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አሮጌ ውጤት ካለሽ አውጪው፤ ጤነኛ እህት ወይም ወንድም ካለሽም አስመርምሪ። ኒውትሮፊሉ ከ1,000 በታች ከወረደ፣ ትኩሳት ወይም የአፍ ቁስል ከተመላለሰብሽ፣ ወይም ሄሞግሎቢንና ፕሌትሌቱ አብረው መውረድ ከጀመሩ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ ሐኪም።

ጡረተኛው ከዘጌ፦

ልጄ፣ የላቦራቶሪው ሰው ልክ ተናግሯል። እኔን ያንገበገበኝ ግን ምስማሩ ነው።

ፊልም በጨለማ ክፍል ውስጥ እያጠብን፣ የመድኃኒቱ ሽታ ከእጃችን ሳይለቅ ቤት እየገባን ያረጀን ሰዎች ነን። ያን ጊዜም ቢሆን ባጅ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም ነበር። ግድግዳ ላይ የዋለ ባጅ የሚነግርሽ ምስማሩ ስንት ጨረር እንዳገኘ ነው። ሲቢሲ ደግሞ የባጅን ሥራ አይሠራም። ለዓመታት በጥቂት በጥቂቱ የሚጠራቀም ጨረር በደም ቆጠራ ላይ ሳይታይ የሉኪሚያን (የደም ካንሰርን) ዕድል ከፍ ሊያደርግ ይችላል። የቀድሞዎቹ የራጅ ሐኪሞች በዚህ ተጎድተዋል። ራዲየምን ያገኘችው ሳይንቲስት ማሪ ኩሪም በ1934 እንደ አውሮፓውያን የሞተችው መቅኔዋ ደም ማምረት አቅቶት ነው። ስለዚህ የደምሽ ደህና መሆን ለባለቤቱ ማምለጫ እንዳይሆነው!

በትክክል የሚሠራ የራጅ ባለሙያ ብዙውን ጊዜ በዓመት 1 ሚሊሲቨርት (ባጁ የሚለካበት የጨረር አሃድ) እንኳ አይደርስበትም። ለሠራተኛ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ወሰን በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ነው። ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ ማንኛውም ሰው በዓመት በአማካይ 2.4 ያህል ያገኛል። አንቺ ከየትኛው ወገን እንደሆንሽ የሚያውቀው ያ የሰቀልሽው ባጅ ብቻ ነበር።

አሁን ሽርጡን አምጪና ጠረጴዛው ላይ ዘርግተሽ ራሱን ራጅ አንሺው። እርሳስ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ ከላይ ጨርቁ ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ግን አልቋል። ሕፃን መያዝም ተዪ። በሽተኛው ላይ ያረፈው ጨረር ይበተናል፤ አንድ ሜትር ላይ ከዋናው አንድ ሺህኛ ያህሉ ይደርሳል፣ ሁለት ሜትር ላይ ደግሞ የዚያ ሩብ። ስትይዢ ግን አንድ ሜትርም የለሽ። ወላጅ ሽርጥ ለብሶ ይያዝ፤ እሱ የሚይዘው በዓመት አንዴ ነው፣ አንቺ በየቀኑ። ስታረግዢ ቶሎ ተናገሪ፤ ከዚያ በኋላ ለጽንሱ የሚፈቀደው 1 ሚሊሲቨርት ነው።

ግሽ ዓባይ ነዋሪ፦

የራጁን ነገር አላውቅም፤ እኔም አባቴን አራት ዓመት አስታምሜያለሁ። እህት ካለሽ ሌሊቱን ተካፈሉት፤ ሰኞና ሐሙስ እንኳ ብትሆን። ሻይውን ደግሞ ከምግብ ጋር አትጠጪው፤ ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳል ብላኛለች ነርሷ። ሄሞግሎቢንሽ ደህና ነው፤ ደህና እንደሆነ ይቆይ።

የሽምብጥ ልጅ፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ሁለተኛው ሲቢሲ 3,600። መስታወቱን ያየው ባለሙያ ሴሎቹ መልካቸው ደህና ነው ብሏል፤ ሐኪሙም የቀሩትን ምርመራዎች አይቶ ምንም አላገኘም። ከእናቴ ሣጥን ውስጥ ሥራ ስገባ በ2008 ዓ.ም. ያደረግሁት የጤና ምርመራ ወረቀት ተገኘ፦ 3,500። ታናሽ እህቴ አስተማሪ ናት፤ የራጅ ክፍል ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። የእሷ 3,200 ወጣ። ቀስቷን አይታ «እኔም ራጅ አንሺ ሆንኩ ማለት ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ሰኞና ሐሙስ ሌሊት አሁን የእሷ ነው።

ጋሼ ከዘጌ፣ ሽርጡን አነሣሁት። ሆድ ላይ በሚታጠፍበት በኩል ከዳር እስከ ዳር ጥቁር መስመር አለ፤ ከሥሩም እንደ ቅርንጫፍ ሁለት ትናንሽ ስንጥቆች። ምስሉን አትሜ ለባለቤቱ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አነሣና ወደ መስኮቱ ይዞት «ይህ የማን ነው? ክፉኛ ተሰብሯል» አለኝ።

«የእርስዎ ሽርጥ ነው» አልኩት።

ማንጠልጠያው በማግሥቱ ተገዛ። አዲሱ ሽርጥ «ይታሰብበታል» ተብሏል። እስኪታሰብበት ድረስ ሕፃናትን ወደ ሌላ ክሊኒክ እየላክሁ ነው፤ ይህን አልወደደውም፣ እንግዲህ ማሰቡን ያፋጥነው እንደሆነ እናያለን። ባጁም ተልኮ አዲስ መጥቷል። አሁን ስጽፍ ደረቴ ላይ ነው።