የፋሲል ግንብ ነጣ ወይስ ተጠገነ? (ክርክር)

መነሻ፦ የታደሰው የፋሲል ግንብ ፎቶ ከወጣ ወዲህ አንዱ ወገን «መልኩ ጠፋ» ይላል፣ ሌላው «ጥንትም በኖራ ነው የተሠራው» ይላል። ፖለቲካውን ትተን ስለ ሥራው እንከራከር። (ኖራው፣ ቅስትና መሮ የተከራካሪዎቹ መጠሪያ ናቸው።)

ኖራው፦ በጣሊያን ጊዜ የገባው ሲሚንቶ መውጣቱ ግድ ነበር። ባዛልት (ጠንካራው ጥቁር ድንጋይ) ውኃ እምብዛም አያሳልፍም፤ እርጥበቱ የሚተነፍሰው በድንጋዮቹ መገጣጠሚያ ነው። እሱን በሲሚንቶ ስትደፍነው ውኃው ወደ ለስላሳው ቀይ ድንጋይ ይዞራል፤ ውኃው ይዞት የመጣው ጨው ከፊቱ ሥር ሲጠጥር እየላጠ ይጥለዋል።

ቅስት፦ ለሲሚንቶ ማን ጠበቃ ቆመ? የኔ ጥያቄ የመገጣጠሚያው አሞላል ላይ ነው። ባልተጠረበ ድንጋይ ሞርታሩ (ድንጋዩን የሚያያይዘው የኖራና የአሸዋ ቡኮ) ከጠርዝ ሁለት ጣት ካለፈ ግማሹ ግድግዳ ነጭ ይሆናል። ከድንጋዩ ፊት ከ3–5 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ማለቅ፣ ጠንከር ሲልም በደረቅ ብሩሽ ተመትቶ አሸዋው ፊት ላይ መታየት አለበት። ቀለሙን የሚሰጠው አሸዋው ነው።

ኖራው፦ ትንሽ ቆዩለት እንጂ። አዲስ ኖራ ሁልጊዜ ይነጣል፤ ሁለት ሦስት ክረምት ሲያልፍ ይጠቁራል።

ቅስት፦ ክረምት ድንጋዩ ላይ የተቀባውን አያነሳም። ደግሞ ለዚህ ነው ናሙና የሚሠራው፦ 1 ሜትር በ1 ሜትር፣ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ፣ በሦስት ዓይነት አሸዋ፤ አንድ ክረምት ካሳለፈ በኋላ ሕዝብ አይቶ ይመረጣል። ናሙና ቢለጠፍ ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ባልተነሳ።

መሮ፦ ሁለታችሁም አፈጻጸሙን ዘለላችሁት። አሮጌው በመሮና በመዶሻ ይወጣል፣ ግራይንደር (የኤሌክትሪክ መቁረጫ) የድንጋዩን ጠርዝ ይበላል። የሚጸዳው መገጣጠሚያ ጥልቀቱ ቢያንስ የስፋቱ እጥፍ ይሁን። ከመሙላት በፊት ውኃ ይርከፈከፋል፤ ደረቅ ድንጋይ የሞርታሩን ውኃ መጥጦ ዱቄት ያደርገዋል። በአንድ ጊዜ ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ አይሞላም፣ ከዚያ እርጥብ ጆንያ ቢያንስ ለሳምንት። በሰኔ የጀመረ ግንበኛ ኖራውን ለዝናብ ገበረው ማለት ነው።

ኖራው፦ የጣሪያው ጫፍስ? እዚያ ንጹሕ ኖራ አይበረክትም።

መሮ፦ እዚያ የተፈጨ ቀይ አሽ (ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ወይም የሸክላ ዱቄት ይጨመርበታል፤ በእርጥበትም ይጠነክራል። ሲሚንቶ ግን «ትንሽ ብቻ» ተብሎም አይገባም።

ቅስት፦ የተጨመረው ምን እንደሆነ፣ ስንት እጅ እንደሆነ፣ በየትኛው ግድግዳ እንደገባ ተጽፎ ይለጠፍ። ያለዚያ የሚቀጥለው ጠጋኝ በግምት ነው የሚቆፍረው።