ኬኒ ዳልግሊሽ እንደ አሰልጣኝ፦ የተዘጋጀ ማዕድ ላይ ነው የተቀመጠው ወይስ ራሱ ነው የሠራው?

ቀዩ ከመርካቶ፦

ሰላም የኳስ ቤተሰቦች። ከጓደኛዬ ጋር ክርክር ይዘን ሳንስማማ ሰነበትን፣ እስቲ እናንተ ፍረዱን።

ዳልግሊሽ በተጫዋችነቱ ምን እንደነበር ማንም አይከራከርም። ሴልቲክ ውስጥ ነግሦ ነው የመጣው። በ1977 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ኬቨን ኪጋን ወደ ሃምቡርግ ሲሄድ ሊቨርፑል በ440 ሺህ ፓውንድ ገዛው። በመጀመሪያው ዓመቱ ማብቂያ ዌምብሌይ ላይ ክለብ ብሩዥን የረቱበትን ብቸኛ ጎል በረኛው እስኪወድቅ ጠብቆ ከላዩ አሳልፎ አገባት፣ የአውሮፓ ዋንጫም መጣ። ለስኮትላንድ 102 ጨዋታ፣ 30 ጎል። ይሄ ያለቀ የደቀቀ ነው።

ጥያቄዬ ስለ አሰልጣኝነቱ ነው። ጓደኛዬ እንዲህ ይላል፦ ሊቨርፑልን ሲረከብ ቡድኑ አውሮፓን ሲገዛ የነበረ ነው። ብላክበርን ላይ የባለሀብት ገንዘብ ነበረለት። ሁለቱም በሌሉበት ኒውካስል ላይ አልሆነለትም። ስለዚህ ትልቅ አጥቂ እንጂ ትልቅ አሰልጣኝ አይባልም። እኔ አልተዋጠልኝም፣ ግን በዓይኔ ያየሁት ከ2011 ወዲህ ያለውን ብቻ ነው። የድሮውን የምታውቁ ታላላቆቼ እስቲ አንድ በሉኝ።

የድሮ ሬዲዮ፦

ወንድሜ ጥሩ ነገር አነሳህ። ለጓደኛህ መጀመሪያ ሰውየው ወንበሩን መቼ እንደተረከበ ጠይቅልኝ። ሜይ 29 ቀን 1985 ብራስልስ ሄይሰል ስታዲየም ከጁቬንቱስ ጋር የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ሊጫወቱ ሲሉ የሊቨርፑል ደጋፊዎች የጁቬንቱስን ሲያጠቁ ግድግዳ ተደርምሶ 39 ሰው አለቀ። አሰልጣኙ ጆ ፌገን በዚያው ጨዋታ ተሰናበተ፣ በማግስቱ የ34 ዓመቱ ዳልግሊሽ ተጫዋችም አሰልጣኝም ሆኖ ተሾመ። የእንግሊዝ ክለቦችም ከአውሮፓ ታገዱ። ታዲያ ይሄ የተዘጋጀ ማዕድ ነው? የተረከበው የሐዘን ቤት ነው።

በዚያችው የመጀመሪያ ዓመት ሊጉንም ኤፍ ኤ ካፑንም አነሳ። ከእሱ በፊት የነበሩት ታላላቅ አሰልጣኞች ሻንክሊም ፔዝሊም በነበሩበት ዘመን ሊቨርፑል ሁለቱን በአንድ ዓመት አንስቶ አያውቅም ነበር። ሊጉ የተቆለፈባት ጎል ደግሞ የራሱ የዳልግሊሽ ናት። ሜይ 3 ቀን 1986፣ ስታምፎርድ ብሪጅ። ጂም ቤግሊን ኳሷን ከፍ አድርጎ ሰደደለት፣ በደረቱ አበረዳት፣ በቀኝ እግሩ ወዲያው ወደ ጥግ መታት። 1 ለ 0 አለቀ። አሰልጣኝ ራሱን አሰልፎ ራሱ አግብቶ ዋንጫ ሲያመጣ እኔ ሌላ አላየሁም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ግን 1987 ነው። ኢያን ረሽ ወደ ጁቬንቱስ ሄደ፣ ዳልግሊሽ ራሱም ጫማ ሊሰቅል ተቃርቧል፣ ማለትም ሁለቱ አጥቂዎች አንድ ላይ ጠፉ ማለት ነው። ምን አደረገ? ጆን ባርንስን ከዋትፎርድ በ900 ሺህ፣ ቤርድስሊን ከኒውካስል በ1.9 ሚሊዮን አመጣ፣ አልድሪጅንና ሬይ ሃውተንን ደግሞ ከኦክስፎርድ። ያ ቡድን ሊጉን ጀምሮ 29 ጨዋታ ሳይሸነፍ ተጓዘ። ባርንስ በግራ በኩል ኳስ ይዞ ሲነሳ፣ ቤርድስሊ መሀል ሆኖ ተከላካዮቹን እየጎተተ ሲያወጣቸው፣ አልድሪጅ ባዶዋን ቦታ ቀድሞ ይገኝባታል። ከፌገን የወረሰው ቡድን እንዲህ አይጫወትም ነበር። ዳልግሊሽ ራሱ ዕድሜውን ሙሉ ከአጥቂ ትንሽ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ጀርባውን ለተከላካይ ሰጥቶ ሲጫወት የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ያችን ቦታ ማን እንደሚችላት ያውቅ ነበር። ቤርድስሊን የመረጠው በዚህ ዓይኑ ነው።

በ1986፣ በ1988 እና በ1990 ሊጉን አነሳ። ከ1990 በኋላ ሊቨርፑል ሊግ ለማየት 30 ዓመት ጠበቀ።

ኢውድ ፓርክ፦

የብላክበርኑን እኔ ልመልስ። «ገንዘብ ነው» ሲባል እበሳጫለሁ።

አዎ፣ ጃክ ዎከር በብረት ሥራ የከበረ የከተማው ልጅ ነበር፣ ገንዘቡንም አፈሰሰ። ግን ዳልግሊሽ በኦክቶበር 1991 ሲመጣ ክለቡ የት ነበር? ሁለተኛ ዲቪዚዮን። በዚያው ዓመት በጥሎ ማለፍ አሳደገው። ሌስተርን በማይክ ኒዌል ፍፁም ቅጣት ምት 1 ለ 0 አሸንፈው ነው ገና ሲመሠረት ፕሪምየር ሊግ የገቡት። ከዚያ አራተኛ፣ ከዚያ ሁለተኛ፣ ከዚያ አንደኛ። ደረጃ በደረጃ ነው የወጣው። ገንዘብ አፍስሰው ከሊግ የወረዱ ስንት ክለቦች አሉ።

አለን ሺረርን ከሳውዝሃምፕተን በ3.6 ሚሊዮን ሲያመጣው ማንችስተር ዩናይትድም ፈልጎት ነበር። ከዩናይትድ ይልቅ ገና ያደገ ክለብ እንዲመርጥ ያደረገው የዳልግሊሽ ስም ነው። አጥቂ ለአጥቂ ይግባባል። በ1994/95 ሺረር በሊጉ 34 ጎል አገባ። ሪፕሊና ዊልኮክስ ከመስመር ያሻማሉ፣ ሺረርና ሰተን ይጨርሳሉ፣ ከኋላ ኮሊን ሄንድሪ አለ። ማንም የሚያውቀው ጨዋታ ነው፣ ማስቆም ነው ያቃታቸው።

የመጨረሻዋን ቀን ካላያችሁ ፈልጋችሁ እዩዋት። ሜይ 14 ቀን 1995፣ ያውም አንፊልድ! ሺረር አስቀደማቸው፣ ባርንስ አቻ አደረገ፣ በጭማሪ ሰዓት ጄሚ ሬድናፕ በቅጣት ምት 2 ለ 1 አደረጋት። ዳልግሊሽ መስመር ላይ ቆሞ ነበር። ወዲያው ከለንደን ዩናይትድ ከዌስትሃም 1 ለ 1 መውጣቱ ተሰማ። በ89 ነጥብ ለ88፣ ብላክበርን ከ1914 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። በእንግሊዝ ታሪክ በሁለት የተለያዩ ክለቦች ሊግ ያነሱ አሰልጣኞች አራት ብቻ ናቸው፣ አንዱ እሱ ነው። ጓደኛህ ይሄን ይመልስልኝ።

ጥቁርና ነጭ፦

የኒውካስል ደጋፊ ነኝ፣ እኔ በጓደኛው በኩል ነኝ። ቢያንስ በግማሹ።

በጃንዋሪ 1997 ዳግመኛ በኪጋን ቦታ ገባ፣ ያን ዓመት ሁለተኛ ሆነን ጨረስን። በሴፕቴምበር አስፕሪያ ሦስት አግብቶ ባርሴሎናን 3 ለ 2 ስናሸንፍ ያየ ሰው አይረሳውም። ግን ከዚያ በፊት በበጋው ሌስ ፈርዲናንድን ሸጠ፣ ዣኖላን ሸጠ፣ ቤርድስሊም ሄደ። ሺረር ደግሞ ሊጉ ሳይጀመር ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። በምትካቸው ማንን አመጣ? ዕድሜያቸው የገፋ ረሽንና ባርንስን። የኪጋን ቡድን ሲያጠቃ ያደገ ደጋፊ ዓመቱን ሙሉ ጎል ሲናፍቅ ከረመ። 13ኛ ወጣን። የኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ደርሰን በአርሰናል 2 ለ 0 ተሸነፍን፣ በኦገስት 1998 ተሰናበተ።

ፍርዴ ግን ይሄ ብቻ እንዳይሆን፣ ሼይ ጊቭንንና ጋሪ ስፒድን ያመጣልን እሱ ነው። ለዓመታት የተጠቀምንባቸው ልጆች ናቸው። ሰውየው ተጫዋች መለየት ያውቃል። የቡድኑን መንፈስ ማንበብ ላይ ግን እኛ ጋ ስቷል፣ ይሄን ማንም አያስክደኝም።

ከመርሲ ዳር፦

እዚህ ሊቨርፑል ከተማ ነው የምኖረው። ሁላችሁም ስለ ዋንጫ አወራችሁ፣ እዚህ ያለ ሰው ግን ስለ ዳልግሊሽ ሲያወራ ከዋንጫ አይጀምርም።

ኤፕሪል 15 ቀን 1989፣ ሼፊልድ ያለው ሂልስቦሮ ስታዲየም። ከኖቲንግሃም ፎረስት ጋር የኤፍ ኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ፣ የሊቨርፑል ደጋፊዎች በመጨናነቅ ታፍነው ሲያልቁ በስድስተኛው ደቂቃ ተቋረጠ። የሟቾቹ ቁጥር ዛሬ 97 ነው፣ የመጨረሻው ያረፈው በ2021 ነው። የዳልግሊሽ ልጅም ያን ቀን ስታዲየም ውስጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰውየው አሰልጣኝነቱን ትቶ ለቀስተኛ ሆነ ማለት ይቻላል። ከባለቤቱ ከማሪና ጋር ቤተሰቦቹን ሲያጽናና፣ ሆስፒታል ሲመላለስ፣ ከቀብር ቀብር ሲሄድ ከረመ። በአንድ ቀን አራት ቀብር የሄደበት ጊዜ አለ። ተጫዋቾቹንም ይዞ ነው የሄደው። እኛ አገር ለቅሶ መድረስ ምን ማለት እንደሆነ ስለምናውቅ ይሄ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልገውም። አንፊልድ የሚገኘው መታሰቢያ ላይ የሁሉም ስም በድንጋይ ተቀርጿል፣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያነባቸዋል፣ አበባና ስካርፍ ተለይቶት አያውቅም።

ያን ሁሉ በልቡ ይዞ ነው ኤፍ ኤ ካፑን በዚያው ዓመት፣ ሊጉን ደግሞ በሚቀጥለው ያነሳው። ከዚያ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1991 ጉዲሰን ፓርክ ላይ ከኤቨርተን 4 ለ 4 ወጡ። አራት ጊዜ መርተው አራት ጊዜ ተደረሰባቸው። በኋላ ራሱ እንደተናገረው ቡድኑ ውስጥ መለወጥ ያለበትን ያውቅ ነበር፣ መወሰን ግን አቃተው። በሁለተኛው ቀን ለቀቀ። ሊጉን እየመራ! 40 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው። ያን ጊዜ ብዙ ሰው አልገባውም፣ የገባው እየቆየ ነው። እና ጓደኛህ ትልቅ አሰልጣኝ አይደለም ሲል ይሄንን ከየት መዝገብ ላይ ሊያገኘው ነው?

የቀበና ልጅ፦

ነፍሳቸውን ይማርና የእኛው መንግሥቱ ወርቁም ትዝ አሉኝ። በ1962 ግብፆችን 4 ለ 2 ስናሸንፍ የመጨረሻዋን ጎል ያገቡት እሳቸው ናቸው፣ በኋላም ብሔራዊ ቡድኑን አሠልጥነው በ1982 ለአፍሪካ ዋንጫ አብቅተውታል። ትልቅ አጥቂ ጥሩ አሰልጣኝ አይሆንም የሚለው ነገር እኛም ጋ አልሠራም። በዳልግሊሽ ላይ ግን ከመርሲ ዳር ላለው ወንድሜ ሙሉ ድምፄን ሰጥቻለሁ።

ቀዩ ከመርካቶ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የ1987ቱን ዝውውር እና የአራቱን ቀብር ነገር ለጓደኛዬ አንብቤለት ዝም አለ። ኒውካስልን ግን አልለቅም ብሏል፣ እሱ ላይ እኔም አልሟገትም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። በ2012 ዋንጫ አንስቶ ለምን አባረሩት? ያኔ በጣም ነበር የተናደድኩት።

የድሮ ሬዲዮ፦

ሊጉ ነው የጎዳው። በጃንዋሪ 2011 ከሮይ ሆጅሰን ሲረከብ ቡድኑ 12ኛ ነበር፣ ስድስተኛ አድርጎ ጨረሰ፣ ሕዝቡም ተስፋ አደረገ። ቶሬስ በ50 ሚሊዮን ሲሸጥ ሱዋሬዝና አንዲ ካሮል መጡ። ሱዋሬዝ ምን እንደሆነ አየኸው፣ የካሮል 35 ሚሊዮን ግን ሜዳ ላይ አልታየም። በሚቀጥለው ዓመት በሊግ ካፕ ፍጻሜ ካርዲፍን በመለያ ምት አሸንፎ ከስድስት ዓመት በኋላ ለሊቨርፑል የመጀመሪያውን ዋንጫ አመጣ፣ ኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜም ደርሶ በቼልሲ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ሊጉን ስምንተኛ ጨረሰ። ሱዋሬዝ የዩናይትዱን ኤቭራን በዘሩ ሰድቧል ተብሎ ሲቀጣ ልጁን ደግፎ የቆመበት መንገድም ብዙ አስወቅሶታል፣ በእኔ እምነት ወቀሳው ትክክል ነበር። ባለቤቶቹ የፈለጉት ቻምፒየንስ ሊግ ነው፣ ያ አልመጣም።

በዚያው በ2011 በጋ ከሰንደርላንድ ያመጣውን ልጅ ግን አትርሳ። ብዙ ሰው ያኔ አልወደደለትም ነበር። ጆርዳን ሄንደርሰን ነው። በ2019 የአውሮፓን፣ በ2020 የሊጉን ዋንጫ በአምበልነት ያነሳው።