ለዓመታት የጠበቅነው ፅንስ ጀርባው ክፍት ነው ተባልን፤ ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ለዓመታት ልጅ ስንፈልግ ኖረናል፤ ጠበሉም ሐኪሙም አልቀረን። መጀመሪያ የምመረመረው እኔ ብቻ ነበርኩ። ኋላ እሱም ሲመረመር የዘር ፍሬው (ስፐርሙ) ቁጥር አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። በመጨረሻ አዲስ አበባ በአይቪኤፍ (ከማህፀን ውጭ በሚደረግ ማዳቀል) ፀነስኩ።

አሁን 22 ሳምንት ሆኖኛል። እዚህ ደሴ አልትራሳውንድ ስነሳ የፅንሱ ጀርባ ወገቡ አካባቢ ክፍት ነው፣ ጭንቅላቱ ውስጥም ውሃ አለ ተባልን። ወረቀቱ ላይ ስፓይና ቢፊዳ ይላል። ያዩን ሐኪም "ቶሎ ወስኑ" ብለው ወጡ፤ ምኑን እንደምንወስን እንኳ አልገባንም። አማቴ ደግሞ "በመርፌ የመጣ ልጅ እንዲህ ነው" ይላሉ። እውነት ነው? የት እንሂድ?

አዋላጅ ነርስ፦
አይዞሽ እህቴ። በአገራችን ይህን ችግር በብዛት የምናየው ያለ ምንም ሕክምና በተፀነሱ ልጆች ላይ ነው። የነርቭ ዘንግ (ኋላ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው ክፍል) የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 4 ሳምንታት፣ ብዙ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ ነው። አንዱ ትልቅ ምክንያት የፎሌት (የቫይታሚን ዓይነት ነው) እጥረት ነው፤ የስኳር በሽታና እንደ ቫልፕሮይክ አሲድ ያሉ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችም አደጋውን ይጨምራሉ። አንቺንም ባልሽንም ማንም አይውቀሳችሁ።

ከመወሰናችሁ በፊት ሌላ ሐኪም ይየው። አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የእናትና የፅንስ ስፔሻሊስቶች አሉ። ክፍተቱ ስንተኛው የጀርባ አጥንት ላይ እንደሆነ ጠይቂ፤ ወደ ላይ ከፍ ባለ ቁጥር የመራመድ ተስፋው ይቀንሳል። በቆዳ ተሸፍኗል ወይ? እግሩን ያንቀሳቅሳል? ሌላ ጉድለትስ አለ?

የአንድ ልጅ እናት፦
የእኔ ልጅ ይህ ችግር ኖሮበት ተወልዶ ዛሬ ትምህርት ቤት ይሄዳል። የሚራመደው በድጋፍ ነው፤ ሽንቱን በየጥቂት ሰዓቱ በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) አወጣለታለሁ። ቀላል ነው አልልሽም፣ ግን ልጄ ነው፣ ሳቂታ ነው።

ለመውለድ ከወሰናችሁ የነርቭ ቀዶ ጥገና ባለበት ከተማ ውለጂ። እንደ አዲስ አበባው ዘውዲቱ ባለ ሆስፒታል ጀርባውን ይዘጉለታል፤ የሚቻል ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ ቢሆን መልካም ነው። እስከዚያ ቁስሉ በጨው ውሃ (ኖርማል ሳላይን) በራሰ ንጹሕ ጋዝ ተሸፍኖ ሕፃኑ በሆዱ ይተኛ። ለጭንቅላቱ ውሃ ብዙ ጊዜ ሻንት (ውሃውን የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ) ይገባለታል። ሻንት ያለው ልጅ ካስመለሰው፣ ከተኮሰው ወይም ከደነዘዘ በዚያው ሌሊት ሐኪም ቤት ይወሰድ፤ እስኪነጋ አትጠብቂ።

አባት፦
የእኛ ፅንስ የራስ ቅሉ አልተሠራም ነበር፤ ቢወለድም እንደማይኖር ነገሩን። አቋረጥን። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ፅንሱ ከባድና የማይድን ጉድለት ሲኖርበት እርግዝናውን ማቋረጥ ይፈቅዳል። የእናንተ ከእኛ ይለያል፤ በሕክምና ሊኖር የሚችል ልጅ ነው። የትኛውንም ብትመርጡ ግን ሁለታችሁ ተነጋግራችሁ ይሁን፤ ዘመድ አይወስንላችሁ። እኔ ለወራት ዝም ብዬ ባለቤቴን ብቻዋን አስለቅሻታለሁ።

ሌላ ፅንስ ስታስቡ ደግሞ ፎሊክ አሲድ (የፎሌት እንክብል) ቢያንስ ከወር በፊት ይጀመር። እንዲህ ላጋጠማት እናት የሚታዘዘው በቀን 4 ሚሊግራም፣ ከተለመደው 10 እጥፍ ነው፤ በሐኪም ትእዛዝ ውሰጂ።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለባለቤቴ አነበብኩለት። ሰኞ አብረን እንሄዳለን። ምን እንያዝ?

አዋላጅ ነርስ፦
ሪፈር አጽፊ፤ የአልትራሳውንዱን ምስልና የአይቪኤፉን ካርድ ያዢ። ጥያቄዎቹን በወረቀት ጻፊ፤ እዚያ ስትደርሺ ሊጠፉብሽ ይችላሉ።