የዛሊፒዬ አበቦች፦ በሽልማት የቆየ ነገር ቅርስ ይባላል?

መነሻ
ዛሊፒዬ በደቡብ ፖላንድ፣ ከታርኑፍ ከተማ ብዙም የማትርቅ ትንሽ የገጠር መንደር ናት። ቤቶቿ በአበባ ሥዕል የተሞሉ ናቸው። የውኃ ጉድጓዱና የውሻው ቤት ሳይቀር! እ.ኤ.አ. በ1948 «የተቀባች ጎጆ» የሚባል ውድድር ተጀመረ፤ ከ1965 ወዲህ በየዓመቱ ይካሄዳል። በዳኛና በሽልማት የቆየ ነገር ቅርስ ነው ትላላችሁ?

ተከራካሪ 1
አይደለም። ድሮ ሴቶቹ የሚቀቡት ለራሳቸው ነበር። አሁን ለቱሪስት ነው። ለአውቶቡስ እንግዳ የተቀባ ግድግዳ ማስታወቂያ ነው። መንደሯ ውስጥ ያለው ሙዚየም ይበቃል።

ተከራካሪ 2
ወንድሜ፣ አጀማመሩን እንይ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የገበሬው ቤት ጭስ ማውጫ አልነበረውም። ግድግዳው በጥላሸት ይጠቁራል። ሴቶቹ ጥቁሩ ላይ ኖራ ጠብ ጠብ ያደርጉ ነበር። ጭስ ማውጫ ሲመጣ ግድግዳው ነጭ ሆኖ መዋል ቻለ፤ ነጠብጣቡም ቀስ በቀስ አበባ ሆነ። ብሩሹን ከላም ጅራት ፀጉር ይሠሩት ነበር። ታዲያ ያኔስ ጎረቤት እንዲያይላቸው አልፈለጉም? ቤቱን አሳምሮ ሰው መጠበቅ ምኑ ነው ነውሩ?
ሙዚየም ያልከው የመንደሯ ሠዓሊ የፌሊጽያ ጹሪዎቫ ቤት ነው። እሷ እስከ 1974 ኖራለች፤ ቤቷን ከግድግዳ እስከ ጣሪያ ቀብታዋለች። ደስ ይላል፤ ግን እዚያ ያለው አበባ ባለበት ይቆያል። ደጅ ያለው ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቁበታል። ስለዚህ አንድ ሰው ብሩሽ ይዞ መውጣት አለበት። ለእኔ ቅርሱ ያ እጅ ነው።

ተከራካሪ 3
እኔ የምማረው እዚያው ፖላንድ፣ ክራኮው ከተማ ነው። ሄጄ አይቻለሁ። አንድ መስኮት ሥር ቀለሙ ተልጦ ነበር። ከቀዩ አበባ ሥር ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ሥር ደግሞ ሌላ ቅጠል ይታያል። ቆሜ ቀረሁ። ያ ሁሉ ድርብርብ ለቱሪስት ብቻ ነው ለማለት ከበደኝ።

ተከራካሪ 1
እሺ፣ ስለ ልጣጩ የነገርሽን ልቤን ነክቶታል። ግን እውነቱን ንገሩኝ፤ ሽልማቱ ቢቀር ይቀባሉ?

ተከራካሪ 2
አንዳንዶቹ ይተዉት ይሆናል። ውድድሩ እንዳይቀር የምከራከረውም ለዚሁ ነው። የሚካሄደው ከካቶሊኮቹ የቅዱስ ቁርባን በዓል ማግስት ባሉት ቀናት ነው። ለበዓል ቤት ማሳመር ደግሞ ያለ ዳኛም የነበረ ልማድ ነው። ሽልማቱ አሮጊቷን ብሩሽ ካስያዛት፣ የልጅ ልጇም አጠገቧ ቆማ ካየች፣ እኔ ሌላ አልጠይቅም።