አርካይቭ የገቡትን ውሎች እንዴት ልመልሳቸው?

ሰላም ጎበዝ፣ ነገሩ የገባው ካለ ይርዳኝ። የምሠራው ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ ሱቅና ጀልባ የሚያከራይ ቢሮ ውስጥ ነው። ውሎቻችንን ከወረቀት ወደ ውል ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ያስገባሁት እኔው ነኝ።

አንዱ የሱቅ ውል የሚያበቃው ሰኔ 30 ቀን 2018 ነው። እንዳለ 30/10/2018 ብዬ ጻፍኩት። ሶፍትዌሩ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ኦክቶበር 2018 ካለፈ ስንት ዓመቱ! «ጊዜው አልፏል» ብሎ ሌሊቱን ያለቁ ውሎች የሚቀመጡበት አርካይቭ ውስጥ ከተተው። መጻፍ የነበረብኝ ጁላይ 7 ቀን 2026 ብዬ ነበር። ጳጉሜንንማ 13ኛ ወር የለም ብሎ ጭራሽ አልቀበልም ብሎኝ ነበር፤ ያኔ መንቃት ነበረብኝ።

አሁን 40 የሚሆኑ ውሎች እዚያ ተቀብረዋል። ማንበብ ይቻላል፣ ማረም ግን አይቻልም። የቀኑ ሳጥን ደብዝዞ ተቆልፏል። «መልስ» የሚለውን ስጫን ይመለሳል፤ የተፈረመ ውል ስለሆነ ግን ቀኑ አሁንም አይነካም። ሲነጋ ሳየው ተመልሶ ገብቷል። የማደሻ ማስታወሻም ቀርቷል። ትናንት አንዲት ዓሣ ነጋዴ ወረቀታቸውን ይዘው መጥተው «ልጄ፣ ውሌ አልቋል እንዴ?» ሲሉኝ የምገባበት ጠፋኝ።

አጥፍቼ እንደ አዲስ እንዳላስገባ፣ ማን መቼ እንዳጸደቀው የሚያሳየው መዝገብ አብሮ ይጠፋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የውል ይርጋ (ክስ የማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) በመርህ ደረጃ 10 ዓመት ነው፤ ነገ ክስ ቢመጣ ምን ላቀርብ ነው?

መጀመሪያ አስተዳዳሪው አውቶማቲክ አርካይቩን እንዲያጠፋው ላድርግ? ወይስ ለእያንዳንዱ የማሻሻያ ውል ልመዝግብ? 40ውን በአንዴ ማረም የቻለ አለ?